ከበር ጀርባ የጠፋችው ሲንቄ

ሞምባሳ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለአይሻ፣ አሰላ

አዮ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ብርዱ እንዴት ነው? እኔ እዚህ ተቀምጬ ያልበኛል። ሰው ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ እንደሚያልበው አሰላ ሆኜ ማን ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

“ተመልሳ ደጄ ካልቆመች ስልኳን አላነሳም” ብለሻል አሉኝ። እሺ፣ አታንሺ። እኔ እጽፋለሁ። ፎቶ አንስቼ ለፈይሩዛ በቴሌግራም እልካለሁ፣ እሷ ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ታመጣልሻለች። ከማምጣቷ በፊት እንደምታነበው ሁለታችንም እናውቃለን። ፈይሩዛ፣ ሰላም ነሽ?

አዮ፣ በኦሮምኛ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ግን አንቺ በመሠረተ ትምህርት የተማርሽው የአማርኛውን ፊደል ነው፣ እኔን ደግሞ ትምህርት ቤት ኦሮምኛ ያስተማሩኝ በቁቤ ነው። ስለዚህ ምን እናደርጋለን፣ በአማርኛ እንጣላ።

በሰው ያስጠየቅሽኝን ልመልስ። የምናድረው የሰው ቤት ነው፤ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው። ብስክሌቶቹን እስከ ሞያሌ፣ ከዚያም እስከዚህ በአውቶቡስ ጣራ ነው ያመጣናቸው፣ አልነዳናቸውም፣ ስለዚህ በየከተማው አየኋት የሚልሽ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ሱሪ ለብሳለች ወይ ላልሽው፣ አዎ ለብሻለሁ። ከላዩ ረጅም ቀሚስ አለ፣ ፀጉሬም ተሸፍኗል። ሰንሰለቱ የቀሚሴን ጫፍ አንዴ በልቶታል፣ አሁን በላስቲክ አስሬዋለሁ። ባሌ ለሊሳም (ባሌ ስል አይክፋሽ) ኦጎልቾ ያለውን ማስተማሩን ጥሎ አልመጣም። ያለ ደሞዝ ፈቃድ ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት ነው። ስንተጫጭ የተስማማነው ይህንን ነው፤ ድግሱ ይነስ፣ ከዚህ ላሙ እስከምትባለው ደሴት የባሕሩን ዳር ይዘን እንንዳ፣ ከዚያ ተመልሰን ፍራሽ እንግዛ አልን። ይኼ ነው ወንጀላችን።

ደግሞስ ማን ነው ተቆጪው? ከሲሬ ሙሽራ ሆነሽ የመጣሽው በአባቴ ብስክሌት ኋላ ተቀምጠሽ አይደለም እንዴ? አባቴ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ሲያወራው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሴት ስትዳር ሲንቄዋን ከእናቷ እጅ ትቀበላለች። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ባሏ ወይም የባሏ ዘመድ ሲበድላት ያቺን ቀጭን በትር ይዛ ትወጣለች፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የየራሱን ይዞ ይከተላታል፣ በዳዩ ይቅርታ ሳይጠይቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሲንቄ የሌላት ሚስት ምን አላት? በሠርጌ ቀን ግን እጅሽን አጣጥፈሽ ቆምሽ። ሰው ሁሉ አየ። ሚዜዎቼ መሬት መሬት የሚያዩት ዓይኔን ላለማየት ነበር።

ስለዚህ ወሰድኳት። ስንወጣ ከበሩ ጀርባ ቆማ አየኋት፣ በቅቤ አሽተሻት ታበራለች። ቆርጠሽልኝ ነበር፣ እንዲያውም ከገጠር ይዘሻት ስትገቢ አይቻለሁ። ካልሰጠሽኝ እኔ ወሰድኩ። አሁን ብስክሌቴ ላይ ታስራ ባሕር ታያለች። የኔ ናት፣ አልመልስም።

ቅር ይበልሽ። እኔም ቅር ብሎኛል።

ልጅሽ ሃዊ


አሰላ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃዊ፣

ወአለይኩም ሰላም። ሰላምታው የአላህ ነው፣ አልከለክልሽም። ከዚያ በታች ያለው ግን የኔ ነው።

አንቺ ልጅ! የወሰድሽው የኔን ነው! ዓይንሽን ምን ነካው? የሙሽራ ሲንቄ እንደዚያ ትለሰልሳለች? ያለሰለሳት የኔ እጅ ነው። አባትሽን ካገባሁ ጀምሮ ከዚያ በር ጀርባ ተነስታ አታውቅም፣ ለሴቶች ጉዳይ ካልሆነ በቀር። ቅቤ የቀባኋት ለሠርግሽ ነው፤ እናት ስለሆንኩ፣ ሰው ስለሚመጣ። ያበራችው ለዚያ ነው።

ያንቺማ ቅርፊቷ እንኳን አልተላጠም። ከቁም ሳጥኑ ላይ ተጋድማለች። ከጫፏ ጀምሬ እየላጥኳት ነበር፣ “በብስክሌት ልንሄድ ነው” ብለሽ ገባሽ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሲንቄ ወደ ቤት ለምትገባ ሴት ነው። አንቺ የቱ ቤት ገባሽ? ጎማ ላይ ተቀምጠሽ ነፋስ ትበያለሽ።

የብስክሌቱን ነገር ደግሞ አንስተሻል። ከኋላ መቀመጥና መንዳት አንድ ነው እንዴ? እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ በጎን ተቀምጬ፣ እግሬን ሰብስቤ ነው የመጣሁት። ከኢተያ የሚመጣ ጋሪ ላይ ያለ ሰው ሁሉ “ማሻአላህ” ብሏል። አንቺን ማን ማሻአላህ ይልሻል?

ሲንቄዬን መልሺ። በሚመጣ ሾፌር ላኪ፣ ካልሆነም ራስሽ ይዘሽ ነይ። አሁን ለምን እንደምፈልጋት ልንገርሽ። ሀጂ ሁሴኖ፣ የባልሽ አጎት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ልኮብኛል። ለሊሳን ከሕፃንነቱ ያሳደገው እሱ ነው፣ መናገር ይገባዋል፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ገበያ መሀል ምን እንዳለ ሰምቻለሁ። አልጽፍልሽም። ፈይሩዛም እንዳትነግርሽ አስምያታለሁ። ብቻ ዓርብ ሰው ቤቴ ይመጣል፣ እኔም ያገባች ሴት ነኝ፣ ከበሬ ጀርባ ግን ባዶ ግድግዳ ነው ያለኝ።

ምግብ ብዪ። ባሕር ውስጥ እንዳትገቢ።

እናትሽ


ኪሊፊ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዮ፣

ጽሑፌ ካስጠላሽ ይቅርታ፣ የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል።

አፈርኩ። ወላሂ አፈርኩ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ዳበስኳት። መሀሏ ላይ የጣትሽ ቦታ አለ፣ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም። ተናድጄ ስለነበር ነው። ለተናደድኩበት ግን ይቅርታ አልጠይቅም፣ ለወሰድኩት ብቻ ነው።

ትናንት ዳቦ የምትሸጥ አሮጊት አስቆመችኝና ስለ ሲንቄሽ ጠየቀችኝ። እኔ ስዋሂሊ የለኝ፣ እሷ ኦሮምኛ የላት። በእጇ የመምታት ምልክት እያሳየች “በዚህ ነው የምትማቱት?” አለችኝ። አይደለም፣ በሷ አንመታም፣ እንይዛታለን ብዬ አሳየኋት። ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። ገባት መሰለኝ፣ ዳቦውን በነፃ ሰጠችኝ።

አንቺ ያልጻፍሽውን ሀጂ ሁሴኖ ራሳቸው ነገሩን። ለሊሳ ጋ ደውለው ነበር። “ብቻህን ና። እሷን እዚያው ተዋት። ሌላ ሴት እድርልሃለሁ፣ ሰው የምታስከብር” አሉት። ለሊሳ አጠገቤ ቆሞ “አጎቴ፣ አክባሪዎ ነኝ፣ ግን አግብቻለሁ” አለ። እሳቸው ዘጉት። እሱ ስልኩን ኪሱ ከተተና የጎማውን ንፋስ ሲነካካ፣ ሲነካካ ቆየ። ጎማው ምንም አልሆነም። አዮ፣ ለሊሳ ሌላ አባት የለውም። ሲያለቅስ አላየሁትም፣ ግን ፊቱን ሁለት ጊዜ ታጠበ።

እና አሁን እውነቱን ልጠይቅሽ። ነገ ዓርብ ነው። ሲንቄሽ ኪሊፊ ናት፣ ነገ አትደርስልሽም። ቢሆንም አንድ ቃል በይኝ። “ነይ” ካልሽኝ ዛሬውኑ ዕቃችንን አስረን እንመለሳለን፣ ለሊሳም ተስማምቷል። ላሙ ይቅር። ባሕሩ የትም አይሄድም። ሳላስበው ባዶ እጅሽን ትቼሽ መጥቼ፣ እኔ እዚህ ነፋስ ስበላ ሰው በገዛ ቤትሽ ቢዘልፍሽ አልችለውም።

ግን ካላልሽኝ አልመጣም። እሳቸው ስለጠሩኝማ በፍጹም አልመጣም። ብቻዋን የምትቀር ሚስት ፈልገው ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

ልጅሽ ሃዊ


አሰላ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃዊ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሀጂ ሁሴኖ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን ያመጣችው ፈይሩዛ ናት፣ እሷም ሱቋን ዘግታ እዚሁ ናት። እንግዲህ ዘግይቶ ከደረሰሽ ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ግን፦ “ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል” ብለሽ ማንን ነው የምትዋሺው? ያ የግራ እጅ ጽሑፍ ነው። ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ እኮ! ቀኝ እጅሽ ምን ሆነ? ቶሎ ንገሪኝ።

ዓርብ መጡ። ሽማግሌዎቹን አስገባሁ፣ ወንበር ሰጠሁ፣ ሻይ አቀረብኩ። አንድም ክፉ ቃል አልወጣኝም፣ ሸዋዬን ጠይቂ። ጎረቤታችን ሸዋዬ ከሆስፒታል ተረኛ ሆና ወጥታ ገና ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም፣ እኔን ብላ መጥታ ነበር። ሀጂ ሁሴኖ መጀመሪያ ስለ ለሊሳ አወራ። እሺ አልኩ። ስለ ሠርጉ አወራ። ድግሱ አነሰ፣ ዘመድ አልተጠራም አለ። እሱም እውነት አለው። ልቤ ውስጥማ ከሱ ጋር ነበርኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ከዚያ ሊወጣ ተነስቶ ደጃፌ ላይ ዞረና፣ በሁሉ ፊት፣ “ወንድ የሌለበት ቤት እንዲህ ነው። እናትየዋ ልጓም የላት፣ ልጅቱ ከየት ታምጣው?” አለ።

እኔን! በገዛ ደጄ! አባትሽን በቀበርኩበት ዓመት እንኳ እንዲህ የተናገረኝ የለም።

ተነሳሁ። እጄ ራሱን ችሎ ወደ በሩ ጀርባ ሄደ። ግድግዳ ዳበስኩ። ሽማግሌው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ ግድግዳ እዳብሳለሁ። ያን ሰዓት ብትኖሪ ኖሮ ወላሂ በጥፊ እልሽ ነበር።

ወደ ጓዳ ገባሁ። በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ በዚህ ጉልበቴ። ከቁም ሳጥኑ ላይ ያንቺን አወረድኩ። ጫፏ ተልጧል፣ የቀረው ቅርፊት ነው፣ አቧራ ለብሳለች። ይዣት ወጣሁና ደጃፌ ላይ ቆምኩ። ሁሴኖ አየኝና ሳቀ። “ይቺማ ማገዶ ናት” አለ።

ሃዊ፣ እኔን መስደቡ አንድ ነገር ነው። ሲንቄን ማገዶ ያለ ሰው ግን ያን ቀን ገና አየሁ። እልል ብዬ ጠራሁ። መጀመሪያ የደረሰችው ነቢላ ናት፤ ታውቂያታለሽ፣ እሷ ያልፈረደችውን ሴቶቹ አይቀበሉም። ቅርፊቷን አየች፣ እኔን አየች። “ያገባች ሴት ይዛታለች፣ ሲንቄ ናት” አለች። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ከየቤቱ የወጣውን ሴት ልነግርሽ አልችልም። ድስት እሳት ላይ ትታ የመጣች አለች።

እንግዲህ ከቅዳሜ ማለዳ ጀምሮ እዚህ ነን። ዛሬ ጥምቀት ነው። ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ታቦት ሲሸኝ በዚህ መንገድ አለፈ፣ ሁሉም እኛን እያየ፣ የማን በር ነው እየተባባለ። ሸዋዬ ከታቦቱ ተነጥላ በሐበሻ ቀሚሷ መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች። “ልብስሽ ይቆሽሻል” አልኳት። “ይታጠባላ” አለች። ሁሴኖ ግቢው ውስጥ ነው። በመስኮት ያየናል፣ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ነይ አልልሽም። ባለፈው ነይ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ዛሬ ብትመጪ ሁሴኖ “ጠርቼ መለስኳት” ይላል፣ እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ የተቀመጥኩት ለምን ሆነ? አሁንም የሠራሽውን አልወደድኩም፣ እንዳይመስልሽ። ብስክሌቱንም አልወደድኩም። ግን ወድጄም ጠልቼም እናትሽ እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። ያቺ ላሙ የምትሏት አገር ሳትደርሺ ብትመለሺ በሬን አልከፍትልሽም። ለለሊሳም ንገሪው፣ አጎቱ ቢተወው እኔ አልተውኩትም።

ወረቀቱ አለቀ። እጅሽን ንገሪኝ ብያለሁ።

እናትሽ


ማሊንዲ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዮ፣

ይሄም የግራ እጅ ነው፣ አልዋሽም። ደብዳቤሽን መንገድ ዳር ቆመን ጮክ ብዬ አነበብኩት። “ማገዶ ናት” ያለው ጋ ስደርስ ለሊሳ ተቀብሎኝ ራሱ ጨረሰው።

ኪሊፊ ልንገባ ስንል ሚኒባስ ዳር አስያዘኝና አሸዋ ላይ ወደቅኩ። አንጓዬ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ በጀሶ ታሽጓል፣ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። የደበቅኩሽ “ያው፣ አላልኩም?” እንዳትዪኝ ነው። ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት ሲንቄሽን ነው። ምንም አልሆነችም።

ለሊሳ “ከኋላዬ ተቀመጪ፣ ብስክሌትሽን በመኪና እንላከው” አለኝ። እምቢ አልኩት። እናቴ ከኋላ ተቀምጣለች፣ እሱ ተቀምጦ ያለቀ ነገር ነው፣ እኔ እነዳለሁ አልኩት። አልተከራከረኝም። ጎሚስታ ቤት ሄዶ መፍቻ ተዋሰና የብስክሌቴን የቀኝ ፍሬን ፈትቶ ወደ ግራ አዞረልኝ። ሁለቱንም ፍሬን አሁን በአንድ እጄ እይዛለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እሱ ከመኪናው በኩል ሆኖ ይነዳል። ዛሬ አንድ ሹፌር ጥሩምባ ሲነፋብን ለሊሳ መሀል መንገድ ገባና ንቅንቅ አልል አለ። ያ ዝምተኛ ሰው! ሳቄ መጣ።

አልመለስም። በርሽን እንዳትዘጊብኝ እንኳ ብዬ አይደለም፣ ጀምሬዋለሁና።

አጎቱ ምን አሉ? ለሊሳ አይጠይቅም። ግን ስልኩ ሲጮህ ያለውን ፊቱን ብታዪው!

ሃዊ


አሰላ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሃዊ፣

ያው፣ አላልኩም? ይኼን ሳልል ብቀር ያመኝ ነበር። አሁን አልኩ፣ ተገላገልኩ። ጀሶውን ውኃ አታስነኪው፣ ሸዋዬ ናት ያለችው።

ሁሴኖ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ርጥብ ሳር በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ። “በድያለሁ። እሷንም፣ የያዘችውንም ሰድቤያለሁ” አለ። ነቢላ “አልሰማንም” አለችው፣ ደገመው። ሁለተኛውን ሁሉም ሰማ። በግ አረደ፣ ሴቶቹ መረቁት፣ ከልባቸው ነው የመረቁት፣ ቂም ይዞ መመረቅ የለም። ስንወጣ እኔን ወደ ጎን ጠራኝና “ልጁ ይበላል?” አለኝ። ይበላል አልኩት። “ብደውል ያነሳልኛል?” አለ። “ይሞክሩት” አልኩ። ካልደወለ እስካሁን አፍሮ ነው፣ ይደውላል። ለሊሳ ያንሳለት። ሰውየው አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም፣ ያንን ልጅ በጀርባው አዝሎ ነው ያሳደገው።

የሲንቄውን ነገር እንጨርስ። ቤት ገብቼ ያንቺን ልልጣት ቢላዋ አነሳሁ። ያዝኳትና ተውኩት። ይቺ ከእንግዲህ የሙሽራ አይደለችም። እኔ ይዣት ቆሜያለሁ፣ ሴቶቹ ተከትለዋታል፣ ስድብም ምርቃትም ሰምታለች። የኔ ሆናለች። ነቢላን ጠየቅኳት፣ “ታዲያስ!” አለች። ስለዚህ ቅርፊቷን እንደያዘች ቅቤ ቀባኋትና ከበሩ ጀርባ አቆምኳት። አታበራም። ግድ የለኝም፣ እጄ ያለሰልሳታል።

አንቺ ጋ ያለችውን ያንቺ ብዬሻለሁ። ሰርቀሽ ነው የሄድሽው፣ አሁን ግን ሰጥቼሻለሁ። ከእናትሽ እጅ ነው የተቀበልሽው፣ ማንም ቢጠይቅሽ እንዲህ በይ።

ባለፈው “የቱ ቤት ገባሽ?” ብዬሽ ነበር። ፍሬንሽን ወደ ግራ ያዞረልሽ ሰው ቤት ገብተሻል። ፍራሹን ስትመጡ ትገዛላችሁ።

ላሙ ስትደርሺ ደውዪ፣ አነሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አላነሳም።

እናትሽ አይሻ